ለብዙ ሰው የሚካፈለው ቁጥር፦ 5,040



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ሲባል ሰምታችኋል። ተረቱ የሚነገረው ስለ መረዳዳት ነው። ዛሬ ግን በሒሳብ ዓይን እንየው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ አንዳንድ ይደርሰዋል። ሃያ አምስት ሰው ቢመጣ ሁለት ሁለት ይደርሳል። አሥር ሰው ቢመጣ አምስት አምስት ይደርሳል። ማንም አያኮርፍም። ሰባት ሰው ቢመጣስ? ሰባት ሰባት ይወስዱና አንዲት ሎሚ ትተርፋለች። ያቺን አንዲት ሎሚ ማን ይውሰዳት? ነገር የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሎሚ ከሆነች ቀላል ነው፤ ለሕፃን ትሰጣለች። የተረፈው የዘር ስንዴ ወይም ማዳበሪያ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ጎረቤት ከጎረቤት የሚቀያየመው፣ ኮሚቴም የሚታማው ብዙውን ጊዜ በዚችው በትራፊዋ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ያለ ትራፊ ለስንት ሰው እንደሚካፈል አስቀድሞ ማወቅ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የገበሬም ጉዳይ ነው።

ዛሬ የምናጠናው ቁጥር 5,040 ነው። ሲያዩት ትልቅ ይመስላል። ትልቅ ቁጥር ግን ልክ እንደ ትልቅ በሬ ነው፤ ጠባዩን ላወቀ ሰው ይገራል። እርሳስና ወረቀት ያዙ። ወረቀት ከሌለ መሬት ላይ በእንጨት መጻፍም ይቻላል።

ቁጥሩን እናንብበው

5,040 አራት አኃዞች አሉት። ከቀኝ ወደ ግራ ስንሄድ መጀመሪያ የአንድ ቤት፣ ቀጥሎ የአሥር ቤት፣ ከዚያ የመቶ ቤት፣ በመጨረሻም የሺህ ቤት እናገኛለን። በሺህ ቤት 5 አለ፤ አምስት ሺህ ነው። በመቶ ቤት ዜሮ አለ፤ መቶ የለም ማለት ነው። በአሥር ቤት 4 አለ፤ አርባ ነው። በአንድ ቤትም ዜሮ አለ። አንድ ላይ ሲነበብ «አምስት ሺህ አርባ» ይሆናል።

ዜሮን ምንም ነው ብላችሁ አትናቁት። ዜሮ ቤት ይጠብቃል። የመቶ ቤቱን ዜሮ ብትተዉት 5,040 የነበረው 540 ይሆናል። በአንዲት ዜሮ 4,500 ጠፋ ማለት ነው! ደረሰኝ ላይ ስትፈርሙ ዜሮዎቹንም ቁጠሩ።

አሁን ቁጥሩን ወደ ጎተራ እናስገባው። «ለአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር 5,040 ኪሎ የስንዴ ዘር መጣ» እንበል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ የመጣው 50 ኩንታል ከ40 ኪሎ ነው። ይህን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሄዳለን።

ሳያካፍሉ ማወቅ

አንድ ቁጥር ለሌላው ያለ ትራፊ ይካፈል እንደሆነ ለማወቅ ሁልጊዜ ማካፈል አያስፈልግም። አኃዞቹን አይቶ መናገር ይቻላል። እንዲህ ነው፦

1ኛ) ለ2። የመጨረሻው አኃዝ 0፣ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 ከሆነ ቁጥሩ ለሁለት እኩል ይከፈላል። 5,040 በዜሮ ስለሚያልቅ ይካፈላል፤ ድርሻው 2,520 ነው።

2ኛ) ለ5 እና ለ10። በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ለ5 ይካፈላል። በ0 የሚያልቅ ለ10ም ይካፈላል። 5,040 ለ5 ሲካፈል 1,008፣ ለ10 ሲካፈል 504 ይደርሳል።

3ኛ) ለ4 እና ለ8። አንድ መቶ ራሱ ለ4 ስለሚካፈል መቶዎቹንና ሺዎቹን ተዉአቸው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ብቻ እዩ። እነዚህ 40 ናቸው። 40 ለ4 ይካፈላል፤ ስለዚህ 5,040ም ይካፈላል። ድርሻው 1,260 ነው። ለ8 ደግሞ አንድ ሺህ ለ8 ስለሚካፈል የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች እዩ። 040 ማለት 40 ነው፤ ለ8 ይካፈላል። የ5,040 ድርሻ 630 ይሆናል።

4ኛ) ለ3 እና ለ9። ይህ ደስ የሚለው ነው። አኃዞቹን ደምሩ። 5 ሲደመር 0 ሲደመር 4 ሲደመር 0፣ 9 ይሆናል። ድምሩ ለ9 ከተካፈለ ቁጥሩም ለ9 ይካፈላል። ድምሩ ለ3 ከተካፈለ ቁጥሩም ለ3 ይካፈላል። ስለዚህ 5,040 ለሁለቱም ይካፈላል። ለ3 ሲሆን 1,680፣ ለ9 ሲሆን 560 ይደርሳል።

5ኛ) ለ6 እና ለ12። ለ2ም ለ3ም የሚካፈል ቁጥር ለ6 ይካፈላል። ለ3ም ለ4ም የሚካፈል ለ12 ይካፈላል። 5,040 ለ6 ሲካፈል 840፣ ለ12 ሲካፈል 420 ነው።

6ኛ) ለ7። የመጨረሻውን አኃዝ ቁረጡትና እጥፉን ከቀረው ላይ ቀንሱ። ከ5,040 የመጨረሻዋ ዜሮ ስትቆረጥ 504 ይቀራል። የዜሮ እጥፍ ዜሮ ስለሆነ የሚቀነስ የለም። አሁን ከ504 ላይ 4ን ቁረጡ፤ 50 ይቀራል። የ4 እጥፍ 8 ነው። ከ50 ላይ 8 ሲቀነስ 42። 42 ደግሞ ስድስት ጊዜ ሰባት ነው። እንግዲህ 5,040 ለ7 ይካፈላል ማለት ነው፤ ድርሻው 720 ነው።

አያችሁ? ከ1 እስከ 10 ላሉት ቁጥሮች ለሁሉም ያለ ትራፊ ይካፈላል። አንድም አልቀረ።

«የአኃዞቹ ድምር ምን አገባው?»

ይህን የምትጠይቁ አትጠፉም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሕግን ሳይረዱ መሸምደድ ዋጋ የለውምና።

አንድ ሺህ ኪሎ ለዘጠኝ ሰው ስታካፍሉ 999ኙ በትክክል ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 111 ኪሎ ደርሶ 1 ኪሎ ይቀራል። ከአሥር ኪሎም 9ኙ ይካፈልና 1 ኪሎ ይቀራል። እንግዲህ በ5,040 ውስጥ አምስት ሺዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ሺህ 1 ኪሎ ሲቀር 5 ኪሎ ይሆናል። አራት አሥሮች አሉ፤ ከእነሱም 4 ኪሎ ይቀራል። የቀረው ሲደመር 9 ኪሎ ነው። ይኸውም ለዘጠኙ ሰዎች አንዳንድ ኪሎ ይደርሳል። ምንም አልተረፈም። የአኃዞቹ ድምር ማለት ከየቤቱ የቀረው ትራፊ ነው። ምስጢሩ ይኸው ነው።

ስድሳ አካፋዮች

ከ1 እስከ 10 ብቻ አይደለም። 5,040ን ያለ ትራፊ የሚያካፍሉት ቁጥሮች በጠቅላላው 60 ናቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ። አንዱ የሰው ብዛት ሲሆን ሌላው ድርሻ ይሆናል፦

1 እና 5,040፤ 2 እና 2,520፤ 3 እና 1,680፤ 4 እና 1,260፤ 5 እና 1,008፤ 6 እና 840፤ 7 እና 720፤ 8 እና 630፤ 9 እና 560፤ 10 እና 504፤ 12 እና 420፤ 14 እና 360፤ 15 እና 336፤ 16 እና 315፤ 18 እና 280፤ 20 እና 252፤ 21 እና 240፤ 24 እና 210፤ 28 እና 180፤ 30 እና 168፤ 35 እና 144፤ 36 እና 140፤ 40 እና 126፤ 42 እና 120፤ 45 እና 112፤ 48 እና 105፤ 56 እና 90፤ 60 እና 84፤ 63 እና 80፤ 70 እና 72።

ሠላሳ ጥንድ ነው፤ ሠላሳ ጊዜ ሁለት ስድሳ። ከ5,040 ያነሰ ሆኖ ይህን ያህል አካፋይ ያለው ቁጥር የለም።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ግድግዳ ከድንጋይ እንደሚገነባ ቁጥርም የሚገነባበት ድንጋይ አለው። እነዚህ ድንጋዮች ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለማንም የማይካፈሉ ቁጥሮች ናቸው። በሒሳብ ትምህርት «ብቸኛ ቁጥር» ይባላሉ። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። 5,040 የተገነባው ከአራት ሁለቶች፣ ከሁለት ሦስቶች፣ ከአንድ አምስትና ከአንድ ሰባት ነው። 2 ጊዜ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 2፣ 16 ነው። 3 ጊዜ 3፣ 9 ነው። 16 ጊዜ 9፣ 144። 144 ጊዜ 5፣ 720። 720 ጊዜ 7፣ 5,040። ይኸው ተገነባ።

አካፋይ ለማግኘት ከእነዚህ ድንጋዮች የወደዳችሁትን አንሥታችሁ ታባዛላችሁ። ከሁለቶቹ አንድም አለማንሣት፣ ወይም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ማንሣት ትችላላችሁ፤ አምስት ምርጫ ነው። ከሦስቶቹ ሦስት ምርጫ አላችሁ። አምስትን ማንሣት ወይም መተው ሁለት ምርጫ ነው፤ ሰባትም እንደዚሁ ሁለት። 5 ጊዜ 3 ጊዜ 2 ጊዜ 2፣ 60 ይሆናል። ከድንጋዮቹ መካከል 11 የለም። 5,040 ለ11 የማይካፈለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ 2 ይተርፋል።

ትልቅ መሆን ብቻውን አያካፍልም

ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ብቻ ለብዙ ይካፈላል ማለት አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የሚቋቋምበት መሬት ቢያንስ 800 ሄክታር እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። በጋሻ ሲቆጠር 20 ጋሻ ነው። 800ን ፈትኑት። ለ2፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ8 እና ለ10 ይካፈላል። ለ3 ግን አይካፈልም፤ አኃዞቹ ሲደመሩ 8 ናቸውና። ለሦስት ጎጥ ቢመደብ ለያንዳንዱ 266 ሄክታር ደርሶ 2 ሄክታር ይተርፋል። ያቺን ሁለት ሄክታር በገመድ ለክቶ መከፋፈል ይቻላል፤ ግን ሥራና ክርክር ትጨምራለች። 800 በጠቅላላው 18 አካፋዮች አሉት። ከእሱ የሚያንሰው 720 ግን 30 አካፋዮች አሉት።

ለመሬት ክፍፍል 5,040ን የመረጠ ሰው

በጥንት ጊዜ ይህን ቁጥር ለመሬት ክፍፍል የመረጠ አንድ ሊቅ ነበር። ስሙ ፕላቶ ነው፤ በቀድሞ መጻሕፍታችን አፍላጦን ይባላል። የአቴና ከተማ ሰው ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ዓመት ገደማ ተወልዶ በ347 ዓመት ገደማ ሞተ። በስተርጅናው «ሕግጋት» የተባለ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች በቀርጤስ ደሴት በእግር እየተጓዙ አዲስ ሊቆረቆር ስለታሰበ ከተማ ይመካከራሉ። ከተማው በጽሑፍ ብቻ የቀረ ነው እንጂ አልተሠራም። ምክራቸው ግን ለእኛም የሚሆን ነገር አለው።

«መሬት የሚሰጣቸው ቤተሰቦች ስንት ይሁኑ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ 5,040 ሆነ። ምክንያቱም ቁጥሩ ከ1 እስከ 10 ለሁሉም ይካፈላል፤ ከራሱ በቀር 59 አካፋዮች አሉት። ስለዚህ ለጦርነትም ለሰላምም፣ ለግብርም ለክፍፍልም ይመቻል ተባለ። ቤተሰቦቹ በ12 ጎሣ ይመደባሉ፤ ለእያንዳንዱ ጎሣ 420 ቤተሰብ ይደርሳል።

አከፋፈሉም ብልኀት ነበረው። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ ሁለት ቦታ ይሆናል፤ አንዱ ከከተማው አጠገብ፣ ሌላው ከወሰኑ ዘንድ። በጣም ቅርብ የደረሰው ሰው በጣም ሩቁን ይጨምርበታል። ለሙ መሬት ጠበብ ብሎ፣ ጠፉ መሬት ሰፋ ብሎ ይለካል። መቼም ገበሬ ይህን ሲሰማ «ልክ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሄክታር ከሄክታር እኩል ቢሆንም አፈር ከአፈር እኩል አይደለምና።

ለ11 የማይካፈል መሆኑም ታይቷል። መፍትሔው ምን ነበር? ሁለት ቤተሰብ ለብቻ መተው። 5,040 ላይ 2 ሲቀነስ 5,038 ይሆናል፤ ለ11 ሲካፈል 458 ይደርሳል። ለ11 መፈተኛውም ቀላል ነው፤ አኃዞቹን አንዱን እየዘለላችሁ ደምሩ። በ5,038 ውስጥ 5 እና 3 ሲደመሩ 8፣ 0 እና 8 ሲደመሩም 8። ሁለቱ ድምሮች እኩል ስለሆኑ ለ11 ይካፈላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚያ መጽሐፍ እርሻውን የሚያርሱት ባሪያዎች ናቸው። እነሱ ከ5,040ዎቹ ውስጥ አልተቆጠሩም። ቁጥሩ የሚያምር ነበር፤ አራሹን ግን ከቁጥር አስወጣው። ቁጥር እኩል የሚያካፍለው ለተቆጠረ ሰው ብቻ ነው። ማን ተቆጠረ? ማንስ ተዘለለ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ነው እንጂ ቁጥር አይደለም።

በወራችንና በሰዓታችን ውስጥ

እንዲህ ያለ ለብዙ የሚካፈል ቁጥር በየቀኑ አብሮን ይኖራል። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። 12 ወር በ30 ሲባዛ 360 ይሆናል፤ 360 ደግሞ 24 አካፋዮች አሉት። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት ብትከፍሉት አይተርፍም። ዓመቱ ግን 365 ቀን ነው፤ በአራት ዓመት አንዴም 366 ይሆናል። 365 ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚካፈለው ለ5 እና ለ73 ብቻ ነው። ስለዚህ አምስቷን ቀን ለብቻ አውጥተን ጳጉሜን አልናት። ጳጉሜን የዓመቱ ትራፊ ናት። ትራፊዋ ስም ተሰጥቷት፣ ቦታ ተሰጥቷት ተቆጠረች እንጂ አልተደበቀችም። ይህን በኋላ እንፈልገዋለን።

5,040ም በሰዓታችን ውስጥ አለ። ከሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት እስከ ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት 84 ሰዓት ነው፤ ግማሽ ሳምንት። አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ ስለሆነ 84 በ60 ሲባዛ ስንት ይመጣል? 5,040 ደቂቃ።

ሰባት ገበሬዎችና አንድ ቦይ

ሰባት ገበሬዎች ከአንድ ቦይ ውሃ ይጠጣሉ እንበል፤ ማሳቸው ማለታችን ነው። ወረፋቸው በስንት ዓይነት ሊደረደር ይችላል? መጀመሪያ የሚያጠጣው ከሰባቱ ማንም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከቀሩት ስድስት አንዱ ነው። ሦስተኛው ከቀሩት አምስት። እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይቀራል። 7 ጊዜ 6 ጊዜ 5 ጊዜ 4 ጊዜ 3 ጊዜ 2 ጊዜ 1 ስታባዙ ምን ታገኛላችሁ? 5,040!

በየቀኑ አንድ አዲስ አደራደር ቢሞክሩ ሁሉንም ለመጨረስ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ሰባት ሰው ብቻ ናቸው እኮ! የውሃ አባት በየቀኑ ከሚከራከር አንዱን አደራደር በስምምነት ጽፎ በዙር ቢያዞረው የሚሻለው ለዚህ ነው።

አንድ ኪሎ ቢጎድል

አሁን ወደ ስንዴያችን እንመለስ። ከ5,040 ኪሎ አንድ ኪሎ በመንገድ ፈሰሰ እንበል። 5,039 ቀረ። አንድ ኪሎ ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። 5,039 ግን ብቸኛ ቁጥር ነው! ለ2 አይካፈል፣ ለ3 አይካፈል፣ ለ7 አይካፈል። ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ስድሳ አካፋይ የነበረው በአንድ ኪሎ ሁለት አካፋይ ብቻ ቀረው።

በአንድ ኪሎ ቢጨምርስ? 5,041 ይሆናል። ይህም ከ1 እና ከራሱ በቀር አንድ አካፋይ ብቻ አለው፤ እሱም 71 ነው። 71 በ71 ሲባዛ 5,041 ይመጣል። ሰባ አንድ ሰው ካልሆናችሁ በቀር እኩል አይደርሳችሁም።

እንግዲህ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ቁጥሮች ጠባያቸው የተለያየ ነው። በሕይወት የሚመጣው ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ 5,040 አይሆንም። ብዙውን ጊዜ ትራፊ ያለው ነው። ትራፊ መኖሩ ነውር የለበትም። ነውሩ ትራፊው ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

በመጋዘኑ በር ላይ

5,040 ኪሎው ለ126 አባወራና እማወራ ሊታደል ነው። ከላይ ከጻፍነው ዝርዝር ፈልጉ፤ 126 ከ40 ጋር ተጣምሯል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት 40 ኪሎ ይደርሳል፤ ትራፊ የለም።

ጸሐፊው «ለእያንዳንዳችሁ 38 ኪሎ ደርሷችኋል፤ አልቋል» ቢልስ? 126ን በ38 አባዙት። 4,788 ይመጣል። ከ5,040 ላይ ሲቀነስ 252 ኪሎ ይቀራል። ሁለት ኩንታል ከ52 ኪሎ ማለት ነው። በየቤቱ ሁለት ሁለት ኪሎ ሲጎድል ማንም አያስተውል ይሆናል፤ ሲጠራቀም ግን ይኼን ያህል ይሆናል። ስድስት ቤት በ40 ኪሎ ተዘርቶለት 12 ኪሎ የሚተርፍበት ዘር ነው።

ቶሎ ብላችሁ ሰው አትወንጅሉ። ሚዛን ተሳስቶ ይሆናል፤ ከረጢት ተቀዶ ይሆናል፤ ለማሳያ እርሻ ተቀንሶም ይሆናል። ግን ጠይቁ። አራት ጥያቄ ይበቃል፦

ስንት ገባ? ለስንት ቤት ታደለ? ለእያንዳንዱ ስንት ደረሰ? ስንት ተረፈ?

የቤቱ ብዛት በድርሻው ተባዝቶ ትራፊው ሲደመርበት ከገባው ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ መዝገቡ እንደገና ይታይ።

ሌላም ፈተና አለ። ዕደላው ሊጀመር ሲል አንዲት እማወራ «እኔ ሳልመዘገብ ቀረሁ» ብላ መጣች። ቤቱ 127 ሆነ። አሁን 5,040 በትክክል አይካፈልም፤ ለእያንዳንዱ 39 ኪሎ ደርሶ 87 ኪሎ ይተርፋል። አንዳንዱ «ሒሳቡ ተበላሸ፤ የሷ ለመጪው ዓመት ይቆይ» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ቁጥርን ከሰው አስበልጧል። ሒሳቡ አልተበላሸም፤ ትራፊ አገኘ እንጂ። እሷንም መዝግቡ፤ 87 ኪሎውንም በመዝገብ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ምን እንደሚደረግበት በስብሰባ ወስኑ። ጳጉሜን ለዓመቱ እንደሆነች ትራፊውም ስምና ቦታ ይሰጠው።

መልመጃ

1. 5,040 ኪሎ ለ112 ቤት ቢታደል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል?
2. 4,371 ለ3 ይካፈላል? ለ9ስ? ሳታካፍሉ መልሱ።
3. አራት ገበሬዎች የመስኖ ወረፋቸውን በስንት ዓይነት መደርደር ይችላሉ?
4. 7,020 ብር ለ60 ሰው ያለ ትራፊ ይካፈላል?

መልሱን ከማየታችሁ በፊት ራሳችሁ ሥሩት። ያልገባው ጎረቤት ካለም አብራችሁ ሥሩ።

መልስ፦ 1) 45 ኪሎ። 2) አኃዞቹ ሲደመሩ 15 ናቸው፤ ለ3 ይካፈላል፣ ለ9 አይካፈልም። 3) 4 ጊዜ 3 ጊዜ 2 ጊዜ 1፣ 24 ዓይነት። 4) አዎን። በዜሮ ስለሚያልቅ ለ5፣ በ20 ስለሚያልቅ ለ4፣ የአኃዞቹ ድምር 9 ስለሆነ ለ3 ይካፈላል። ለሦስቱም የሚካፈል ለ60 ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 117 ብር ይደርሳል።